ነገ እቀይረዋለሁ

ኅዳር 4
ቁርስ ሁለት እንቁላል። ዳቦው ትኩስ። ሻዩ እንደፈለግሁት። አስተናጋጁ "ሌላ የሚያስፈልግዎ ነገር አለ?" አለኝ። አሰብኩ… ምንም የለም። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም።

ሆቴል ከገባን አሥራ አንድ ቀን። 307 እህቴ፣ ባሏና ልጃቸው። 309 እኔ። በመካከል በር አለ፤ በሁለቱም በኩል ይቆለፋል። ሙቅ ውኃ ቀኑን ሙሉ። ትራሱ ጭንቅላቴን ይውጠዋል። አንሶላው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። እኔ ራሴ እንደዚያ ቶሎ አልቆሽሽም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አልከፋኝምም። መርፌ የተወጋ ድድ ላይ እንዳለ ጥርስ ነው… ስትነካው አለ፤ ያንተ ግን አይመስልም።

ቤታችን የተቃጠለው ጥቅምት 21 ነው። የኋላው ግማሽ፦ የስፌት ክፍሉ፣ ማድ ቤቱ፣ የእኔዋ ጓዳ። ሰው አልተጎዳም። እህቴ ገበያ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ እኔ የሰው ሬዲዮ ልጠግን ሄጄ። መጨረሻ የወጣው የእህቴ ባል ነው። ልብስ ሰፊ ነው። ሱፍ ተኩሶ፣ ሰቅሎ፣ ለደንበኛው ሊያደርስ ወጣ። ሲመለስ ጭስ።

"ካውያውን ነቅያለሁ?" ይላል። ትንሽ ቆይቶ "አልነቀልኩም?" ይላል። "አንተ ነህ" ያለው ሰው የለም። "አንተ አይደለህም" ያለውም የለም።

እዚህ ያመጣችን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ናት። "ሃያ ዓመት መጋረጃዬንና የሠራተኞቼን ልብስ የሰፋልኝ ሰው ሜዳ ላይ አይቀርም። ቤታችሁ ተጠግኖ እስኪያልቅ ቤታችሁ ይህ ነው" አለች። እና ይኸው። ቤታችን ይህ ነው።

ኅዳር 6
በሦስተኛው ፎቅ ያሉትን "አትረብሹ" የሚሉ ወረቀቶች ሁሉ ሰብስቤ የሥራ አስኪያጇ ቢሮ እጀታ ላይ ሰቀልኳቸው። አሥራ አራት ናቸው። ዳኛዬ (የእህቴ ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከጠየቀች መልስ ሳታገኝ ስለማትለቅ ነው ዳኛ ያልኳት) ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ እስኪያስላት ሳቀች።

ክፍል የምታጸዳው ሴትዮ ወገቧን ይዛ መጣች። እኔ "የፎጣ እመቤት" እላታለሁ።
"ጋሽ ዋዛ፣ አንቱ ነዎት?"
"ነፋስ ነው።"
"ነፋስ ጢም አለው እንዴ?"

ድሮ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ይሞቀኝ ነበር። ዛሬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መልሼ ሰቀልኩ፤ ትራሴ ውስጥ ገባሁ።

ኅዳር 9
የእህቴን ባል "መርፌ" ነው የምለው። ቀጭን ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ እንጀራውም ከመርፌ ነው። ድሮ መርፌ ስለው "አንተ ደግሞ ያለ ክር ትወጋለህ" ይለኝ ነበር። አሁን ቀና ብሎ ያየኛል፤ ያበቃል።

ዛሬ ካውያውን ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ለፎጣ እመቤት ሰጣት። "ውሰጂልን። ክፍላችን ውስጥ እንዲኖር አልፈልግም።" ከዚያ የክፍሉን ሶኬቶች ሁሉ ዞረ። መብራቱን ነቀለ፣ ቴሌቪዥኑን ነቀለ፣ ፍሪጁን ነቀለ። ተመልሶ እንደገና አየ። ለሦስተኛ ጊዜም።

እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

ምሳ ስንሄድ መጋረጃውን በጣቱ ዳሰሰው። "የኔ ስፌት ነው" አለ። እንደ ሌላ ሰው ሥራ አድርጎ ነው ያለው።

ኅዳር 12
ቤቱን የምከታተለው እኔ ነኝ። ዛሬ ኤሌክትሪሻኑ ግድግዳውን ሰብሮ ጨረሰ። ጎረምሳ አይደለም፤ የበሰለ ሰው ነው። በወረቀት የተማረ። እኔን የሚያህል እውቀት የለውም ብዬ ነበር የማስበው።

"ጋሼ፣ ይምጡ፤ ይዩ" አለኝ። የስፌት ክፍሉ ቁም ሳጥን ከቆመበት ጀርባ። ግድግዳው እዚያ ነው የጠቆረው። ከውስጥ ወደ ውጭ።

"ሁሉም ሰው ካውያው ነው ይላል አይደል? አይደለም። የካውያው ስፒና ከጠረጴዛው ሥር ለብቻው ነው የተገኘው፤ ሶኬቱ ውስጥ አልነበረም። ሰፊው ነቅለውት ነው የወጡት። ችግሩ ይቺ ናት።"

ጣት የምታህል የሽቦ ቁራጭ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ሁለት ሽቦ፣ ተጠማዝዞ የተገጣጠመ። በላዩ ጨርቅ። የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ አይደለም። ጨርቅ! ግማሹ ከስሏል፤ ግማሹ ከሲሚንቶው ሥር ተርፏል።

"ካውያው ለረጅም ሰዓት ሲሠራ መገጣጠሚያው ጋለ። ጨርቁ ቀስ ብሎ ጨሰ። እሱ ነው ቁም ሳጥኑን ያቀጣጠለው። ለመሆኑ ሽቦን በጨርቅ የሚያስር ምን ዓይነት ጅል ነው?"

ሳቅኩ። አብሬው ሳቅኩ። "አለ እንዲህ ዓይነት ጅል" አልኩ።

ቁራጩን ለምኜ ወሰድኩት። ለቤተሰቡ የማሳይ መስሎታል።

ሆቴል ቁም ሳጥኔ ውስጥ ካዝና አለች፤ ከገባን ጀምሮ ምን አስቀምጥባት እያልኩ እቀልድባት ነበር። አሁን የማስቀምጠው አገኘሁ።

ኅዳር 13
አልተናገርኩም።

ኅዳር 15
እስቲ ለራሴ እንኳ ልጻፈው።

አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። መርፌ ቁም ሳጥኑን ሲያዛውር ሶኬት ከኋላው ቀረበት። "ይሄ ምን አላት" አልኩ። የመብራት ሥራ የተማርኩት ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ተቀዷል። ስለ አደጋ የሚያወራው ምዕራፍ እሱ ነበር እያልኩ ሰው አስቅ ነበር። ግድግዳውን ፈለፈልኩ፣ ሽቦውን ቀጠልኩ። ለመጠቅለል ስል ናስትሮ አለቀብኝ። ሱቅ ሁለት መቶ እርምጃ ነው…

"መርፌ፣ የማይረባ ቁራጭ ጨርቅ ስጠኝ።"
የኮት ገበር በጥርሳሙ መቀሱ ቆርጦ ሰጠኝ። "ሽቦ ኮት ሊለብስ ነው?" አለ። ተሳሳቅን።
"ለዛሬ ነው። ነገ እቀይረዋለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ቁም ሳጥኑ ተጠግቶ ነበር። ከባድ ነው። ሳምንት አለፈ። ከዚያ ረሳሁት። ሙሉ በሙሉ። ሰው የረሳውን ነገር እንዴት ይናዘዛል? ግን አሁን አስታውሼዋለሁ እኮ። አሁን ምን ልል ነው?

ኅዳር 19
እንግዳ መቀበያው አጠገብ ትልቅ የዓሣ ሳጥን አለ። መርፌ ከቁርስ በፊት ወርዶ ሶኬቶች ሲዞር እሱንም ነቀለው። ዳኛዬ ናት ያየችው። ዓሣዎቹ ሁሉ ውኃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

"አጎቴ! ዓሣዎቹ ሊያወሩ ነው!"

ሮጬ ሰካሁት። አንዷ ቢጫ ሞታ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወረደች። ትሁት ሴት ናት፤ ትሕትናዋ ከቁጣ ይብሳል። "ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም" እያለች የሞተችውን በሻይ ማንኪያ አወጣች።

መርፌ አንገቱን ደፍቶ "ይቅርታ… የጋለ መስሎኝ ነው" አለ።
"ውኃ ውስጥ ያለ ነገር እንዴት ይግላል?" አለችው ልጁ።
መልስ አልነበረውም።

እኔ ነበረኝ። ሽቦው ካዝና ውስጥ ነው፤ የካዝናው ቁጥር የእህቴ ልደት ነው። ቆሜ ዓሣ አየሁ።

ኅዳር 24
ዳኛዬ የኔ አልጋ ላይ እየዘለለች፦
"አጎቴ፣ ካውያ ሰው ሲረሳው ያውቃል?"
"አያውቅም።"
"ታዲያ ለምን ይናደዳል?"
"አልተናደደም።"
"ቤት አቃጠለ እኮ!"
"ሌላ ነገር ይሆናላ።"
"ምን?"
"…አይጥ።"
"አይጥ ክብሪት አላት?"

በሁለቱ ክፍል መካከል ያለው በር ክፍት ነበር። እህቴ ማዶ ፎጣ ታጥፋለች፤ የታጠፈ ፎጣ ፈትታ እንደገና ታጥፋለች። ሥራ የላትም። ምግቡ ይመጣል፣ አልጋው ይነጠፋል፣ ጫማው ይወለወላል። ድሎት እንዲህ ነው። እጅ ምንም የሚይዘው ሲያጣ አሮጌ ነገር ይዳብሳል።

ኅዳር 28
ሥራ አስኪያጇ አዲስ አዳራሽ ልትከፍት ነው። ሃያ አራት የአስተናጋጅ ኮት ያስፈልጋታል። ጨርቁን ራሷ ይዛ 307 መጣች። ግራጫ፣ ለስላሳ። ድሮ መርፌ እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲያይ ጆሮው ይቆም ነበር።

"እጄ አልተመለሰም" አላት።
"እንጠብቅሃለን።"
"አትጠብቁኝ። ሌላ ሰው ፈልጉ።"

እሷ ስትወጣ እህቴ ተከትላት ኮሪደር ድረስ ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ጋሼ፣ አንተ አናግረው። አንተን ይሰማል። አንድ ቀልድ ጣል አድርግለት" አለችኝ።

ቀልድ ጣል አደረግሁለት። ስለ ምን እንደነበር አላስታውስም።

ታኅሣሥ 3
የስፌት መኪናው ከእሳቱ ተርፏል። ጎረቤት ነው ጎትቶ ያወጣው፤ ጠረጴዛው በአንድ በኩል ከስሏል እንጂ ብረቱ ደህና ነው። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ ቆሟል።

ዛሬ እራት ላይ መርፌ ሾርባውን እያማሰለ "ለሙያ ማሠልጠኛው ሰጥቻታለሁ" አለ። "ታኅሣሥ አሥራ አምስት መጥተው ይወስዷታል።"
እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ማንን?"
"መኪናዋን።"
"ከዚያ ምን ልትሠራ?"
"እንጃ። ዘበኛ እሆናለሁ። ዘበኛ ምንም አይሰካም።"

ማንም አልሳቀም። ቀልድ ይሆን እንዴ? አርባ ሁለት ቀን ሙሉ እሱ ሲቀልድ ሰምቼ አላውቅም። ቀልድ አልነበረም።

ታኅሣሥ 7
ተናገርኩ።

ቁርስ ላይ። ሁሉም ተቀምጠው። ሻዬን ጠጣሁ፣ አፌን ጠረግሁ። "እሳቱን ያስነሳሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

እህቴ፦ "ጋሼ! በዚህ እንኳ ታላግጣለህ?"
"አላገጥኩም። የሽቦው መገጣጠሚያ…"
"የአባባ ሬዲዮ ጊዜም እንዲህ ነው ያደረግከው። የሰበርኩት እኔ፣ የተገረፍከው አንተ።" እንባዋ መጣ። "ዛሬም ያንን ልትደግመው ነው?"

እውነቷን ነው፤ ያኔ እንዲህ አድርጌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሙሽራው ጠፋ ብዬ የሠርጋቸውን ድንኳን ያመስኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ነኝ ብዬ አክስቴን በመድኃኒት ፋንታ ስኳር የቀባኋትም እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ "ዋዛ" የሚለኝ በምክንያት ነው።

መርፌ እጁን ክንዴ ላይ አደረገ። ቀላል ነው እጁ። "ገብቶኛል ዋዜ። ለኔ ብለህ ነው። ግን እንዲህ ያለውን አትድገመው፤ የባሰ ያመኛል።"

"እውነቴን እኮ ነው…"
"እሺ" አለኝ። ለልጅ "እሺ" እንደሚባለው።

ማስረጃው ካዝና ውስጥ ነበር። ሦስት ፎቅ። አሳንሰር አለ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ተቀምጬ ዳቦ ቀባሁ።

ዳቦው ላይ ማር ነበረበት። ምንም አልጣፈጠኝም፤ ግን በላሁት።

ታኅሣሥ 8
እህቴ ዛሬ ትልቁን ቁራሽ ወደኔ ገፋችው። የፎጣ እመቤት ሳትቀር ሰምታለች፤ ሁለት ትራስ ጨመረችልኝ። "እንዳንቱ ያለ ወንድም ይስጠኝ" አለች።

አራት ትራስ አለኝ።

ታኅሣሥ 11
ዘነበ። አልወጣሁም። በመስኮት ሰው በጃንጥላ ሲያልፍ ቆጠርኩ። አርባ ላይ ተውኩት።

ታኅሣሥ 14
ከሰዓት በኋላ መርፌ በሬን አንኳኳ። በመካከሉ በር ሳይሆን በኮሪደሩ በኩል፤ እንደ እንግዳ።

"ዋዜ፣ ፒንሳህን ይዘህ ና። ነገ ይወስዷታል። ከጠረጴዛው ፍታልኝ፤ እኔ እጄ እምቢ አለኝ።"

ፒንሳዬ ሁልጊዜ ግራ ኪሴ ውስጥ ናት። ኮቶቼ ሁሉ በዚያ በኩል ተንጋደው የቀሩት በሷ ነው። ያንን ሽቦ የጠመዘዝኩትም በሷ ነው።

ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድን። ሞቃት ነው፤ ማሽኖቹ ይሽከረከራሉ፤ አንሶላ በየቦታው። መርፌ መሸፈኛውን ገለጠ። አራት ብሎን። ተንበረከክሁ። አንደኛውን ፈታሁ። ሁለተኛውን ፈታሁ። እሱ ከላይ ቆሞ መንኮራኩሯን በመዳፉ ይዟታል፤ ሰው የታመመ ሰው ግንባር እንደሚይዝ።

"በደንብ ይይዟታል አይደል?" አለ።
"ማን?"
"ልጆቹ። ዘይቷን እንዳይረሱ።"

ሦስተኛው ብሎን ላይ እጄ ቆመ። ብሎኑ አልጠበቀም። እጄ ነው የቆመው።

"ጠብቀኝ፤ መጣሁ" አልኩት። አሳንሰሩን አልጠበቅኩም። በደረጃ ወጣሁ። ካዝናዋን ከፈትኩ። በደረጃ ወረድኩ። ትንፋሽ አጠረኝ። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ኤሌክትሪሻኑ እኔ መዳፍ ላይ እንዳስቀመጠው።

"ቀልድ አይደለም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው የወጣው።"

መርፌ ሽቦውን አላየም። ጨርቁን ነው ያየው። የተረፈውን ጫፍ በጥፍሩ ቀና አደረገ። ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዝ። ወደ መብራቱ አስጠጋው።

"የግራጫው ሱፍ ገበር" አለ። "የዚያ የረጅሙ ሰውዬ። ሁለት ጊዜ ነው ያስጠበበው።" ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "እኔ ነኝ የቆረጥኩልህ።"
"አንተ ነህ።"
"ነገ እቀይረዋለሁ አልክ።"
"አልኩ።"

አንዱ ማሽን ሥራውን ጨርሶ ጮኸ። ማንም አልከፈተውም።

"ካውያውስ?"
"ነቅለኸዋል። ስፒናው ከጠረጴዛው ሥር ነው የተገኘው። ኤሌክትሪሻኑ ነው ያለው፤ ጠይቀው።"

የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጠ። "ነቅያለሁ" አለ። ለኔ አይደለም። "ነቅያለሁ… በቀኝ እጄ ነው የነቀልኩት። ሱፉ በግራዬ ነበር።" እጆቹን ተራ በተራ አየ።

ከዚያ ቀና አለ።
"መቼ አገኘኸው?"
መዋሸት እችል ነበር። ትናንት ብል ያምነኝ ነበር፤ ውሸቴን እንደሆነ ሁልጊዜ ያምናል።
"ኅዳር አሥራ ሁለት።"

በጣቱ ቆጠረ። እንደ ልብስ ሰፊ፣ በአውራ ጣቱ የጣቶቹን አንጓ እየነካ።

"ሠላሳ ሁለት ቀን" አለ። "ሠላሳ ሁለት ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ እንቁላል በላህ።"

"አዎ።"

ተነሣ። ሽቦውን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አደረገ። ወጣ። እኔ ሁለቱን ብሎኖች መልሼ አሰርኩ። ሌላ ምን እንደምሠራ አላወቅሁም።

ታኅሣሥ 15
የማሠልጠኛው ሰዎች መጡ። መርፌ እንግዳ መቀበያው ድረስ ወርዶ ይቅርታ ጠይቆ መለሳቸው።

ታኅሣሥ 16
እህቴ ኤሌክትሪሻኑን ራሷ ሄዳ ጠየቀችው። ስትመለስ በሬ ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

"ያቺን ሬዲዮ እኔ ስሰብር ሰባት ዓመቴ ነበር" አለች። "እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?"

እርስዎ! በሕይወታችን እርስዎ ተባብለን አናውቅም። መሳቅ አማረኝ፤ አፌ አልተከፈተም። የመካከሉን በር በሷ በኩል ቆለፈችው። ቁልፉ ሲዞር እዚህ ድረስ ይሰማል። ጥሩ ቁልፍ ነው።

ታኅሣሥ 19
የፎጣ እመቤት አልጋዬን እያነጠፈች፣ ሳታየኝ፦ "ካውያ ጠየቀ።"
"ማን?"
"ማን ይመስልዎታል።"

ሁለቱን ትርፍ ትራሶች ይዛ ሄደች። የሚገባኝን ነው።

ታኅሣሥ 27
ከልብ ማጠቢያው በኩል ሳልፍ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። (ልብስ ልል ነው። እጄ ተሳስቶ ጻፈው። ይቅር፤ አልሰርዘውም።) ቆሜ አዳመጥኩ። ረጅም ስፌት፣ አጭር ዕረፍት፣ ረጅም ስፌት። ዳኛዬ ውስጥ ናት፤ የአስተናጋጆቹን ኮት ቁልፍ ትቆጥራለች።

"አባዬ፣ አጎቴ በር ላይ ቆሟል።"
"አውቃለሁ።"
"ይግባ?"
መኪናዋ ቀጠለች። ሄድኩ።

ጥር 6
ቤቱ አለቀ። ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። እህቴ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። "የእርስዎ ክፍል ቀለሙ አልደረቀም" አለች።
"ስንት ቀን ይፈጃል?"
"ቀለም ነው። እንጃ።"

አንድ ክፍል ቀለም፣ በዚህ ፀሐይ። ግድግዳውን ራሴ አይቼዋለሁ፤ ትናንት ደርቋል። "ጥሩ፤ ይድረቅ" አልኩ።

ሥራ አስኪያጇ 309ን ለጊዜው ትታልኛለች። ዓሣዎቹን እንድመግብ አዘዘችኝ። ሥራ ነው።

ጥር 7
ብቻዬን ቁርስ። አስተናጋጁ "ሌላ የሚያስፈልግዎ ነገር አለ?" አለኝ።
"የለም" አልኩ። ከኅዳሩ የዛሬው የባሰ ውሸት ነው።

ጥር 11
በሩ ተንኳኳ። መርፌ። አንገቱ ላይ ሜትር፣ ጆሮው ላይ ጠመኔ።

"ቁም።"
ቆምኩ።
"እጅህን ዘርጋ።"
ዘረጋሁ።

ለካኝ። ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ በትንሽ ወረቀት ይጽፋል። ጣቱ ቀዝቃዛ ነው። አርባ ዓይነት ነገር ልነግረው አሰብኩ፤ አንዱም ቀልድ አልነበረም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚጀመር አላወቅሁም።

"ወገብህ ሁለት ጣት ቀንሷል" አለ።
"እንቁላሉን ተውኩት።"

የከንፈሩ ጫፍ… አላውቅም። ብርሃኑ ይሆናል። ሜትሩን ጠቀለለና ወጣ።

ጥር 21
ዛሬ ከቁርስ በኋላ መርፌና ዳኛዬ መጡ። እሷ በሁለት እጇ አንድ ነገር በአንሶላ ጠቅልላ ይዛለች፤ ከራሷ ይበልጣል።

"አጎቴ፣ ዓይንህን ጨፍን። አባዬ አትሳቂ ብሎኛል፤ እየሳቅኩ አይደለም።"

ኮት ነው። ከአስተናጋጆቹ ኮት የተረፈው ግራጫ ጨርቅ፣ ጥቁር ገበር። ለበስኩት። ልክክ። በግራ በኩል የማይንጋደድ ኮት ለብሼ የማውቀው መቼ ነው?

እንደ ልማዴ ፒንሳዬን ልጨምር እጄን ወደ ግራ ደረቴ ሰደድኩ። የኪሱ ክዳን አለ። ሥሩ ኪስ የለም። ቀኙን ሞከርኩ። የለም። ጎኑን። ክዳን ብቻ። ውስጡን። ለስላሳ ገበር፣ አንድ ቀዳዳ እንኳ የለውም። ፒንሳውን ይዤ እንደ ሌባ ራሴን ስዳብስ ዳኛዬ አልጋው ላይ ተንከባለለች።

መርፌ ፊቱ እንደ ግድግዳ። በሃያ ዓመት ያደረግሁበትን ሁሉ አስቦ፣ ጊዜውን ጠብቆ፣ በእጅ ሰፍቶ ነው የመጣው።

"ኪሱን ረሳኸው?" አልኩት።
"ለዛሬ ነው" አለ። "ነገ እቀይረዋለሁ።"

ከጥቅምት ወዲህ የሆነ ነገር ሲሰማኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አመመኝ። የደነዘዘ ጥርስ ስሜቱ ሲመለስ እንደሚያመው።

"ነገ የሚባለውን አውቀዋለሁ" አልኩ። "አሥራ አንድ ዓመት ነው።"
"ያህላል።"

ፒንሳውን ከእጄ ወሰደና ካዝናዋ ውስጥ አስገባት። ቁጥሯን እሱ አስገባ፤ አልነገረኝም። ሻንጣዬን አነሣልኝ። "እህትህ አንድ ነገር ልካለች" አለ። "በቃል በቃሉ ልናገር?"
"ተናገር።"
"'ያንን ዋዛ አምጣው፤ አንድ ሶኬት ቢነካ ግን አንተን ነው የማባርረው።'"

ይህን በፍጥነት እየጻፍኩ ነው፤ ታች እየጠበቁኝ ነው። ዓሣዎቹን መግቤያለሁ። ካዝናዋ እንደተዘጋች ትቅር።

ዳኛዬ በሩ ላይ ትጮኻለች። "አጎቴ፣ እጅህን ምን ሆነሃል?" ትለኛለች። ለካ ሳላውቀው ሁለቱም እጆቼ ደረቴን ይዳብሳሉ፤ የሚገቡበት አጥተዋል። አንዱን መጥታ ያዘችው። በሌላው እየጻፍኩ ነው።